«ኤዲት ላይ ይስተካከላል» ምንድን ነው?

ባለፈው ጥር ለገሃር አካባቢ አንድ ማስታወቂያ ተቀረጸ። ታሪኩ የ1966 ዓ.ም. ነው። ካፖርት የለበሰ ጎፈሬ ወጣት ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይወጣል፣ የአንበሳውን ሐውልት ያልፋል፣ ወደ ቸርችል ጎዳና ያቀናል። ካሜራው ከኋላ ከኋላው ይከተለዋል። አሪፍ ሾት ነበር። ልጁ አንበሳውን አለፍ ከማለቱ ግን በፍሬሙ ጥግ፣ በድልድዩ ላይ፣ ቀላል ባቡሩ ውልብ አለ።

በ1966።

ረዳቱ «እንድገመው?» አለ። ዳይሬክተሩ ሞኒተሩን አየት አድርጎ «ተወው ባክህ፣ ኤዲት ላይ ይስተካከላል» አለ። ከዚያ ሁሉም ምሳ ሄዱ።

«ኤዲት ላይ» የሚባለው ቦታ እኔ ነኝ። ሜክሲኮ አካባቢ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚጮህ። እዚህ አገር ቀረጻው ካለቀ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ኤዲት ነው የሚባለው። ቆረጣውም፣ ድምፁም፣ ከለሩም፣ ኢፌክቱም። ፈረንጆቹ «ፖስት» ይሉታል። አባባላቸው ግን ከኛው ጋር አንድ ነው፦ «ፖስት ላይ እናስተካክለዋለን»። ፊልም በሚሠራበት አገር ሁሉ ይህን የማይል ዳይሬክተር ማግኘት ከባድ ነው።

ነገሩ ሲሰማ ቀላል ነው። ባቡሩን ማጥፋት፣ በቃ። ባቡሩ የታየው ለ6 ሰከንድ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ስለተቀረጸ እኔ ጋ የሚደርሰው 150 ፎቶ ነው። ልጁ የሚያልፈው ደግሞ በባቡሩ ፊት ነው። ባቡሩን ሳጠፋ የልጁ ጆሮ አብሮ እንዳይሄድ በየፍሬሙ ዙሪያውን በመስመር መክበብ አለብኝ። ይሄ ሮቶ ይባላል። ካፖርቱን እከባለሁ። ሻንጣውን እከባለሁ። በሻንጣው እጀታና በእጁ መሀል ያለችውን ቀዳዳ እከባለሁ። ጎፈሬውን… ጎፈሬ ሮቶ ያደረገ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ባቡሩ ሸፍኖት የነበረው ቦታ መሞላት አለበት። ሰማይ፣ የሕንፃ ጠርዝ፣ ትንሽ የዛፍ ቅጠል። ካሜራው በትራይፖድ ቆሞ ቢሆን፣ ቦታውንም ማንም ሳይኖርበት ለ10 ሰከንድ ቀርጸው ቢሰጡኝ፣ ግማሹ ሥራ ያኔውኑ አልቆ ነበር። ካሜራው ግን በእጅ የተያዘ ነው። ባዶውን ቦታ የቀረጸም የለም፤ ነገርኳችሁ፣ ምሳ ሄደዋል።

አራት ሌሊት ፈጀብኝ። ባቡሩ ከዚያ ፍሬም ለመውጣት የሚፈጅበት አንድ ደቂቃ አይሞላም።

እንግዲህ አባባሉ ይሄ ነው። ሲሉት የቴክኒክ ቃል ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ግን የውሳኔ ቀጠሮ ነው። ቦታው ላይ ያለ ሰው መወሰን የነበረበትን ነገር፣ ሌላ ሰው ሌሊት ቁጭ ብሎ እንዲከፍልበት ማስተላለፍ። የሆሊውድ ትልልቅ ፊልሞች ችግርም፣ እኔ እንደማየው፣ ከዚህ የተለየ አይደለም። ብሩ ይበዛል፣ ሰዉ ይበዛል፣ ምሳው ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ቪኤፍኤክስ (ቪዥዋል ኢፌክት) ሲባል ሰው የሚያስበው ዘንዶና የጠፈር መርከብ ነው። ካሜራው ከጠፋ በኋላ በኮምፒውተር ምስሉ ላይ የሚጨመርም የሚቀነስም ነገር ሁሉ ግን ቪኤፍኤክስ ነው። ተዋናዩን ያንጠለጠለውን ገመድ ማጥፋትም፣ የኔ ባቡርም። ቀረጻው ቦታ ላይ የሚደረገው የውሸት ዝናብና የላስቲክ ቁስል ሌላ ሙያ ነው። (ዓመቶቹን ከዚህ በኋላ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የ1966ቱ ልጅ ብቻ የኛ ነው።)

በ1993 የወጣውን «ጁራሲክ ፓርክ» ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። በዚያ ከሁለት ሰዓት በላይ በሆነ ፊልም ዳይኖሰሮቹ የሚታዩት 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያም ውስጥ በኮምፒውተር የተሠራው ስድስት ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረውን የአሻንጉሊት አውሬ ሠሪው የስታን ዊንስተን ቡድን በብረት፣ በሞተርና በስፖንጅ ነው የሠራው። ትልቁ አውሬ ርዝመቱ 12 ሜትር አካባቢ ነበር። ሰው ሠራሹ ዝናብ ሲመታው ቆዳው ውሃ እየመጠጠ ይከብድና ይንቀጠቀጥ ነበር ይባላል። ጣጣ ነው። ግን ጣጣውን የተጋፈጡት ቀድመው ነው። የትኛው ሾት በማሽን፣ የትኛው በኮምፒውተር እንደሚሆን ካሜራው ከመነሳቱ በፊት ተወስኗል። ዛሬ ሲታይ የማያሳፍረው ለዚህ ይመስለኛል።

ወደ 2019 እንምጣ። «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» 2,500 ገደማ የኢፌክት ሾት አለው። ጀግኖቹ ወደ ኋላ ዘመን ሲጓዙ የሚለብሱትን ነጭ ልብስ ታስታውሱታላችሁ? ያ ልብስ የለም። አልተሰፋም። ቀረጻው ሲደርስ ዲዛይኑ ገና ስላልተወሰነ፣ ልብሱ በኋላ በእያንዳንዱ ተዋናይ ሰውነት ላይ በኮምፒውተር ተሳለ። አንድ ጥሩ ልብስ ሰፊ በሳምንት የሚጨርሰውን ነገር ማለት ነው። ልብሱን የሠሩት ሰዎች ጎበዞች ናቸው፤ እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ሸውዶኛል። ጥያቄዬ ልብሱ ምን ይምሰል የሚለው ክርክር ለምን ከቀረጻው በፊት አላለቀም ነው።

ስለ ጢሙማ ካላወራሁ አይሆንልኝም። በ2017 «ጀስቲስ ሊግ» የተባለው ፊልም አንዳንድ ትዕይንቶች እንደገና ሲቀረጹ፣ ሱፐርማን ሆኖ የሚሠራው ሄንሪ ካቪል ለሌላ ስቱዲዮ ፊልም ጢም አሳድጎ ነበር። ያኛው ስቱዲዮ «አይላጭም» አለ። ስለዚህ ጢሙ እንዳለ ተቀረጸ፤ ኤዲት ላይ ይነሳል ተባለ። ተነሳም። የላይኛው ከንፈሩ ግን ንብ የነደፈችው መሰለ፣ ዓለምም ሳቀበት። የተሳቀው ግን በባለሙያው ሥራ ነው። ምላጩን የከለከለውን ሰው ማንም አላነሳውም።

እኛም ሲኒማ ቤት ስንወጣ የምንለው ይሄንኑ ነው። «ግራፊክሱ ቀሽም ነው።» እኔ ራሴ እላለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ኢፌክት በብዛት ራሳቸው አይሠሩም። ለተለያዩ ድርጅቶች ያጫርታሉ። ገዢዎቹ ስድስት ሰባት ቢሆኑ ነው፤ ሻጮቹ ለንደንም፣ ቫንኩቨርም፣ ሞንትሪያልም፣ ሙምባይም አሉ። አሸናፊው ሥራውን በቁርጥ ይይዛል። በቁርጥ ቤት የሚቀባ ቀለም ቀቢ አስቡ። ሳሎኑን ሰማያዊ ቀብቶ ሲጨርስ ባለቤቱ መጥቶ «ቢጫ ሳይሻል አይቀርም» ይለዋል። ቢጫ ሲሆን «ከመጀመሪያው ትንሽ ደመቅ ያለ ሰማያዊ» ይለዋል። ቀለም ቀቢ ከሆነ ባልዲውን ጥሎ ይሄዳል። የኢፌክት ድርጅት ግን አይሄድም፤ ከሄደ የሚቀጥለውን ፊልም አያገኝም። በዚያ ላይ ፊልሙ የሚወጣበት ቀን ስክሪፕቱ ሳያልቅ ጀምሮ ተቆርጧል። ዋጋው አይነቃነቅ፣ ቀኑ አይነቃነቅ። የሚነቃነቀው የሠራተኛው እንቅልፍ ብቻ ነው።

ይሄ የት እንደሚያደርስ በ2013 በግልጽ ታየ። «ላይፍ ኦፍ ፓይ» ላይ በጀልባ ከልጁ ጋር ያለው ነብር በአብዛኛው የኮምፒውተር ነው። የሠራው ሪዝም ኤንድ ሂውዝ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ነው። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ድርጅቱ ግን የካቲት ላይ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ሥራ ኦስካር አሸነፈ። ከአዳራሹ ውጭ በመቶ የሚቆጠሩ የኢፌክት ባለሙያዎች ሰልፍ ወጥተዋል። ውስጥ ተሸላሚው ስለ ድርጅቱ ችግር መናገር ሲጀምር «ጆውስ» ከሚባለው የሻርክ ፊልም የተወሰደው ሙዚቃ ከፍ አለ፣ ማይኩም ተዘጋበት። ይሄን ቪዲዮ ሙያውን ልጀምር ስል ነው ያየሁት። ጓደኛዬ «ተው፣ አካውንቲንግ ግባ» ብሎኝ ነበር።

በ2019 ደግሞ «ሶኒክ» የተባለው ሰማያዊ ጃርት ትሬይለሩ ላይ አስቀያሚ ሆኖ መጣ፣ ሰው ጮኸ፣ እንደገና ተሠራ። ተመልካች አሸነፈ ተብሎ ተጨበጨበ። ሥራው ላይ ከተሳተፉት አንዱ የሆነው፣ ኤምፒሲ የሚባለው የኢፌክት ድርጅት የቫንኩቨር ቢሮ ፊልሙ ሳይወጣ ታኅሣሥ ላይ ተዘጋ። የተዘጋው በጃርቱ ምክንያት ነው ማለት አልችልም። ጭብጨባው ግን እዚያ ቢሮ እንዴት እንደተሰማ አስባለሁ። እናት ድርጅቱ ቴክኒከለር ራሱ በ2025 መጀመሪያ ተንኮታኮተ።

የሚያስቀው፣ ይሄ ሁሉ እየሆነ ስቱዲዮዎቹ «ሁሉም እውነተኛ ነው» ብለው ማስተዋወቅ መውደዳቸው ነው። «ቶፕ ገን፦ ማቨሪክ» በእውነተኛ አውሮፕላን ተቀረጸ ተብሎ ተወራ። ተዋናዮቹ እውነትም ጄት ላይ ወጥተዋል። ኢፌክት ያለበት ሾት ግን 2,400 ገደማ ነው። ጥሩ ሥራ ሲሆን የለም ይባላል፤ መጥፎ ሲሆን ግራፊክስ ይባላል።

ካሜራው፣ መብራቱ፣ ሜካፑ፣ ልብሱ ሆሊውድ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ማኅበር አላቸው። ኢፌክቱ አልነበረውም። በ2023 «አቬንጀርስ»ን በሚሠራው በማርቭል ስቱዲዮ ውስጥ ያሉ የኢፌክት ሠራተኞች ድምፅ ሰጥተው፣ አንድም ተቃውሞ ሳይኖር፣ ማኅበር ገቡ። በወሩ የዲዝኒዎቹ ተከተሉ። እነዚህ ስቱዲዮው ራሱ የቀጠራቸው ናቸው። ብዙው ሠራተኛ ያለው ግን ሥራ በቁርጥ በሚይዙት ድርጅቶች ነው፤ እነሱ ጋ ነገሩ በአብዛኛው ገና ነው።

የኔን ልጨርስላችሁ። አራቱ ሌሊት አልቆ ፋይሉን ላክሁ። ረዳቱ በቴሌግራም ድምፅ ላከ፦ «ወንድሜ፣ በጣም አሪፍ ነው። ዳይሬክተሩ ግን ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ጭስ ቢወጣ አለ። ትንሽ ብቻ።» በልጁ ፀጉር መሀል የሚያልፍ ጭስ። ዋጋው ያው።

ማስታወቂያው ወጣ። እናቴ አይታ «ጭሱ ያምራል» አለች። እኔ ሳየው ዓይኔ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚሄደው። ጎዳናው ላይ የቆመችው አሮጌ ፊያት መስታወት ላይ፣ ለሦስት ፍሬም ያህል፣ ቀላል ባቡሩ አረንጓዴና ነጭ ሆኖ ያልፋል። አራተኛው ሌሊት ላይ አይቼው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር፣ ተውኩት። እስካሁን ማንም አላየውም።