በየክፍሉ የሚቋጭ ድራማ ምንድን ነው? ከ«ይቀጥላል»ስ በምን ይለያል?

አያ ጅቦ ስንት ጊዜ እንደሞተ የቆጠረ ሰው የለም። ዛሬ ማታ በጦጢት ተንኮል ገደል ይገባል፤ ነገ ማታ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ አህያ ፍለጋ ይወጣል። የሚያዳምጠው ልጅም «ትናንት ሞቶ አልነበር እንዴ?» ብሎ አይከራከርም። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ከተባለ ያ ታሪክ አልቋል፤ ለነገ የሚያሳድረው ዕዳ የለም። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶችም እንዲሁ ናቸው። ከየትኛው ብትጀምሩ ግድ የለም፤ አለቃ እንዴት ያሉ ሰው እንደነበሩ ማወቅ ብቻ ይበቃል።

በየክፍሉ የሚቋጭ ድራማ የዚህ የተረት ቤተሰብ ነው። ገጸ ባሕርያቱና የሚኖሩበት ቦታ ከሳምንት ሳምንት ያው ሆነው፣ ታሪኩ ግን በዚያው ክፍል ተጀምሮ በዚያው ክፍል ያልቃል። ሌላው ዓይነት የትናንቱን ዕዳ ተሸክሞ ይመጣና የራሱን ጨምሮበት «ይቀጥላል» ብሎ ይሰናበታል። በአማርኛ ሁለቱንም «ተከታታይ ድራማ» ስለምንላቸው ልዩነቱ ይድበሰበስብናል እንጂ፣ የጥላሁን ጉግሳን «ቤቶች» ከ«ሰው ለሰው» ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃ ነበር። «ቤቶች»ን ሦስት ሳምንት ያላየ ሰው በአራተኛው ቁጭ ብሎ ይስቃል። «ሰው ለሰው» ሦስት ሳምንት ያመለጠው ሰው ግን አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ በማን ላይ ምን እንደሸረበ ከጎረቤት ካልጠየቀ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት እንግዳ ሆኖ ነው የሚቀመጠው።

ተከታታዩ (ከዚህ በኋላ እንዲህ የምለው «ይቀጥላል» የሚለውን ዓይነት ብቻ ነው) «ቁም ነገር»፣ በየክፍሉ የሚቋጨው ደግሞ «ጊዜ ማሳለፊያ» ነው የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አልስማማም። ተከታታዩ የሚችለውን ያኛው አይችልም፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አንድን ታሪክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከፍቶ መዝጋት ከባዱ ሙያ ነው፤ ጥሩ የምንላቸው ተከታታዮችም ይህን ሙያ ሳይለቁ የሠሩ ናቸው።

ሙያውን በግልጽ ለማየት ከ«ኮሎምቦ» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ፒተር ፎክ የተጫወተው ይህ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ መርማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአንድ የቴሌቪዥን ፊልም ብቅ አለ፤ ከ1971 ጀምሮ በኤንቢሲ ጣቢያ መደበኛ ዝግጅት ሆነ፤ ከዚያም እየጠፋ እየተመለሰ እስከ 2003 ዘልቋል። በጠቅላላው 69 ክፍሎች አሉት። ያው የተጨማደደ ካፖርት፣ ያው አሮጌ ፔዦ፣ ስሟ በየደቂቃው የሚነሳ እሷ ግን የማትታይ ያቺው ሚስት። ገዳዩ ማን እንደሆነ ተመልካቹ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ገና ከመጀመሪያው ያያል። ስለዚህ የሚያጓጓው «ማን ገደለ?» አይደለም፤ «ይሄ ዝርክርክ ሰውዬ እንዴት አድርጎ ይደርስበታል?» የሚለው ነው። ኮሎምቦ አመስግኖ፣ ተሰናብቶ፣ በሩ ላይ ደርሶ ዞር ይልና «አንዲት ነገር ብቻ…» ይላል። ያን ጊዜ ባለጸጋው ገዳይ ፊት ላይ የሚታየውን ነገር ለማየት ነው ሰው የሚቀመጠው።

ኮሎምቦ አይለወጥም። ማዕረጉ ያው ነው፣ ጠባዩ ያው ነው፤ በመጨረሻው ክፍል ስለ እሱ የምናውቀው በመጀመሪያው ካወቅነው ብዙም አይበልጥም። በየጊዜው የሚለወጠው ገዳዩ ነው። አንድ ሳምንት ደራሲ፣ አንድ ሳምንት የሙዚቃ መሪ፣ አንድ ሳምንት የወይን ጠጅ ጠማቂ። ጸሐፊው ያንን አዲስ ሰው ከነኩራቱ፣ ከነፍርሃቱ፣ ከነሕይወቱ አቁሞ፣ ወንጀል አሠርቶ፣ አጋልጦ መጨረስ አለበት፤ ያውም በዚያው ምሽት። «ይህን ደግሞ በሚቀጥለው ክፍል አብራራለሁ» የምትል ማምለጫ የለችውም።

አሠራሩ ከጣቢያው ፕሮግራምም የመጣ ነው። «ኮሎምቦ» በየሳምንቱ አይታይም ነበር፤ በአንድ የስርጭት ሰዓት ከ«ማክላውድ» እና ከ«ማክሚላንና ሚስቱ» ጋር ተራ እየጠበቀ ነበር የሚቀርበው። ታሪክ አንጠልጥሎ ሰውን ለሳምንታት ማስጠበቅ አያዋጣም። በዚያ ላይ ቪዲዮ መቅረጫ በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን ያመለጠ ክፍል አመለጠ ነው። የአሜሪካ ጣቢያዎች ድጋሚ ስርጭት የሚገዙትም ወደ መቶ ክፍል ገደማ የደረሰን ድራማ ነበር፤ በየቀኑ እንዳመቻቸው ያሳዩታል። ቅደም ተከተሉ ቢዛባ የሚፈርስ ታሪክ ለዚህ ገበያ አይመችም። ድራማው ሊጀምር አምስት ደቂቃ ሲቀረው መብራት የጠፋበት ሰው ይህን ስሌት ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

የሚቋጨው ድራማ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሰው ሲወጣ አይፈርስም። «ሎው ኤንድ ኦርደር» በ1990 ሲጀመር አቀማመጡ ቀላል ነበር፤ ግማሹ ሰዓት የፖሊስ፣ ግማሹ የዐቃቤ ሕግ። 20 ዓመት ሄዶ በ2010 ሲቋረጥ 456 ክፍሎች ነበሩት፤ ከመጀመሪያው ዓመት ዋና ተዋንያን አንድም በቦታው አልነበረም። በ2022 እንደገና ሲጀመርም ያው ቤት በአብዛኛው በሌሎች ሰዎች ቆመ።

አሁን «ዳላስ»ን እንመልከት። በ1978 ሲጀምር እሱም አብዛኛውን ታሪክ በየክፍሉ የሚዘጋ ነበር፤ ወደ ተከታታይነት የተሻገረው ቆይቶ ነው። መጋቢት 1980 ላይ የነዳጅ ዘይት ከበርቴው ጄአር በቢሮው ውስጥ ተተኮሰበትና የዚያ ዓመት ስርጭት በዚያ ተዘጋ። ማን ተኮሰ? በመሐል የተዋንያን አድማ መጣ፤ መልሱ የተነገረው በኅዳር ነው። በዚያች ምሽት አሜሪካ ውስጥ 83 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው። ልብ አንጠልጣይ የሚለው የአማርኛ ቃል ከዚህ በላይ በትክክል የሚሠራበት ቦታ የለም። ስምንት ወር ሙሉ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጠጅ ቤታቸው ቢጤ ሁሉ፣ ሌላ ወሬ የሌለ እስኪመስል ድረስ የአገር ሰው አንድ ጥያቄ ሲያመነዥክ ኖረ። ይህን ኮሎምቦ በ69 ክፍሉም አላደረገውም፤ ሊያደርገውም አይችልም።

ያው «ዳላስ» ግን ዕዳው የወደቀበት ጊዜም አለ። የጄአርን ወንድም ቦቢን የሚጫወተው ፓትሪክ ደፊ በ1985 ሲለቅ ቦቢ በመኪና ተገጭቶ ሞተ፣ ተለቀሰ። ተዋናዩ በሚቀጥለው ዓመት ለመመለስ ተስማማ። ታዲያ የሞተ ሰው እንዴት ይመለሳል? በ1986 የቦቢ የቀድሞ ሚስት ከእንቅልፏ ስትነቃ ቦቢ ገላውን ሲታጠብ አገኘችው። አንድ ሙሉ ዓመት የታየው ሁሉ ሕልም ነበር ተባለ! ተመልካች የተጨነቀበት፣ ያለቀሰበት የአንድ ዓመት ታሪክ በአንድ ጠዋት ተሰረዘ። የባሰውም ነገር አለ፤ ከ«ዳላስ» የተቀጠለው «ኖትስ ላንዲንግ» የቦቢን ሞት በራሱ ታሪክ ውስጥ አስገብቶት ስለነበር በዚያኛው ድራማ ቦቢ ሞቶ ቀረ። አያ ጅቦ ሞቶ ቢነሳ ማንም አይጠይቀውም፤ ቦቢ ግን ያለ ሰበብ መነሳት አይችልም። ልዩነቱን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም።

ታዲያ ተከታታዩ ምን ይዞ ነው ይህን ሁሉ ዕዳ የሚከፍለው? ጊዜን ነው። ሰው በአንድ ምሽት አይለወጥም፤ ቀስ እያለ ሲለወጥ ለማሳየት ደግሞ ብዙ ምሽት ያስፈልጋል። ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ ይህን በዘዴ ተጠቅሞበታል። በ1975 የጎልማሶች ትምህርትን የሚያበረታታ ተከታታይ ድራማ ሲያዘጋጅ ገጸ ባሕርያቱን በሦስት ከፈላቸው፤ ደጉ፣ ክፉው፣ እና በሁለቱ መካከል የሚዋልለው። ተመልካቹ ራሱን የሚያየው በሦስተኛው ውስጥ ነው፤ አብሮት ይወላውላል፣ አብሮት ይወድቃል፣ አብሮት ይነሳል። ይህ ዘዴ ወደ እኛም መጥቷል። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያስተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች ነበሩት፤ ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ የሚያወራውም በዚሁ መንገድ ነው። «ተጠንቀቁ» የሚል ማስታወቂያ በ30 ሴኮንድ ያልቃል፤ አንዲት ሴት ትዳሯ ውስጥ የሚሆነውን ሁለት ዓመት ሙሉ አብሮ መስማት ግን ሌላ ነገር ነው። ከፍተን የምንሰማት ጎረቤት ትሆናለች።

እዚህ ላይ የሁለቱ ጋብቻ ይመጣል። በ1993 በፎክስ ጣቢያ የጀመረው «ኤክስ ፋይልስ» ሁለቱን በፈረቃ ያቀርብ ነበር። በአብዛኛው ሳምንት አንድ እንግዳ ፍጥረት ወይም ክስተት ይመጣል፣ ሁለቱ የኤፍቢአይ መርማሪዎች ይከታተሉታል፣ ያበቃል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ይህን «የሳምንቱ ጭራቅ» ይሉታል። አልፎ አልፎ ደግሞ ስለ ጠፋችው የመርማሪው እህትና ስለ መንግሥት ሴራ የሚያወራው ረጅሙ ታሪክ ይመለሳል። በጊዜው ሁሉም የሚያወራው ስለ ረጅሙ ታሪክ ነበር። ዛሬ መልሼ ሳየው ግን ሴራው ተወሳስቦ ራሱን የበላ ይመስለኛል፤ ሳይደበዝዙ የቀሩት ጭራቆቹ ናቸው።

ከዚያ ድራማ ጸሐፊዎች አንዱ ቪንስ ጊሊገን ነበር። በኋላ «ብሬኪንግ ባድ»ን ፈጠረ፤ ከ2008 እስከ 2013፣ 62 ክፍሎች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሰው ሲበላሽ የሚታይበት ፍጹም ተከታታይ። በመሐሉ ግን በ2010 የታየች አንዲት ክፍል አለች። ሁለት ሰዎች በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ አንዲት ዝንብ ያሳድዳሉ። ገንዘብ ስላጠረ የተሠራች ክፍል ናት፤ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ተዋናይ የለም ማለት ይቻላል። «ምንም አልተፈጠረም» ብለው የሚጠሏት አሉ። ለእኔ ግን ዋናው ሰውዬ መቼ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ይሻለው እንደነበር የሚያሰላበት ያ ሌሊት ከብዙ ተኩስ ይበልጣል። ያቺን ክፍል ያዘጋጀው ራያን ጆንሰን ነው፤ እሱም በ2023 «ፖከር ፌስ»ን ሲሠራ ተመልሶ የሄደው ወደ ኮሎምቦ አሠራር ነው፤ ገዳዩን አስቀድሞ ማሳየት፣ በዚያው ክፍል መዝጋት።

«ሶፕራኖስ»ም ምስጢሩ ይኸው ነው። በ1999፣ ገና በአምስተኛው ክፍል፣ የወንበዴዎች አለቃው ልጁን ኮሌጅ ሊያሳያት ይዟት ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ድሮ ባልደረቦቹን አሳልፎ ሰጥቶ የተሰወረ ሰው ያይና ልጁን በየኮሌጁ እያዞረ በጎን ያድነዋል፣ ይገድለዋል። ለብቻው ቢታይ የሚጠግብ ታሪክ ነው። ግን ከዚያ በኋላ አባትዬውን በፊት ባየነው ዓይን ማየት አይቻልም።

ተከታታይ ድራማ ሌላ የማይቀርለት ጥያቄም አለ፤ መቼ ነው የሚያልቀው? በ1990 የጀመረው «ትዊን ፒክስ» የአንዲት ወጣት ገዳይ ማን ነው በሚል ጥያቄ ላይ ቆሞ ነበር። ጣቢያው ጫና አሳድሮ መልሱ በዚያው ዓመት ሲነገር ተመልካቹ ተበተነ፤ በ1991 ተቋረጠ። የ«ሎስት» አዘጋጆች ይህን የሚያውቁ ይመስላል፤ በ2007 ከጣቢያው ጋር ተስማምተው ድራማው በ2010 እንደሚያልቅ ከሦስት ዓመት በፊት አሳወቁ። መድረሻውን የሚያውቅ ሰው ቢያንስ ስንቁን ይመጥናል።

ኔትፍሊክስ በ2013 የ«ሃውስ ኦፍ ካርድስ»ን 13 ክፍሎች በአንድ ቀን ከለቀቀ ወዲህ ደግሞ ክፍል የሚባለው ነገር ራሱ እየላላ ነው። ቀጣዩ ክፍል በራሱ ከጀመረ ይህኛውን በወጉ መዝጋት ማንን ያስጨንቃል? የአሥር ሰዓት ፊልም አሥር ቦታ ተቆርጦ ይቀርባል። ስድስተኛው ክፍል ስለ ምን ነበር ብትሉኝ አልነግራችሁም፤ ከአምስተኛው የት ላይ እንደተለየ አላስታውስም።

እኛ ጋ ይህ ሌላ መልክ አለው። በ2016 የጀመረው ቃና ወደ አማርኛ መልሶ ካስለመዳቸው ድራማዎች ብዙዎቹ የቱርክ ናቸው። ቱርክ ውስጥ አንድ ክፍል በሳምንት አንድ ቀን ይተላለፋል፤ ብዙ ጊዜም ከሁለት ሰዓት በላይ ይረዝማል። ወደ ውጭ አገር ሲሸጥ ግን በ45 ደቂቃ ገደማ ይከፋፈላል፤ አንዱ ክፍል ሁለት፣ ሦስት ይሆናል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ፍቅረኛሞቹ በር ላይ ተፋጥጠው፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ፣ ምስሉ ቀጥ ሲል «ወይኔ! እዚህ ጋ ያቆሙታል?» የምንለው ቦታ፣ ጸሐፊው ኢስታንቡል ተቀምጦ ክፍሉን የቋጨበት ቦታ ላይሆን ይችላል። መቀሱ ያረፈበት ነው።