ረግረግ ምንድን ነው? ስፖንጅስ ነው እንዴ?

ጅማ ላይ ስለ ቦዬ ረግረግ በተወራ ቁጥር አንድ አባባል አብሮ ይነሳል። «ረግረግ እኮ ስፖንጅ ነው፤ ክረምት ውሃውን ይመጥጣል፣ በጋ ቀስ እያለ ይለቃል።» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለረግረጉ ተቆርቋሪ ነው። ስለዚህ ችዬ አልፈው ነበር። በቀደም ግን አንድ አስተያየት ሰጪ «ቦዬ እስካለ ድረስ ጅማን ጎርፍ አይነካትም» ብሎ አረፈው። ይኼማ መልስ ይፈልጋል።

ስፖንጁን እንጀራ እናድርገው፤ ለኛ እሱ ይቀርበናል። ደረቅ እንጀራ ላይ ወጥ ሲፈስ ዓይኑ ሁሉ ይጠጣል። ሁለተኛውንም ጭልፋ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ግን ወደ ትሪው ይወርዳል። ረግረግ ማለት አስቀድሞ ወጥ የጠገበ እንጀራ ነው። ረግረግ ያሰኘውም መጥገቡ ነው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ መጋቢት አካባቢ ይጀምራል፤ ሰኔ ሲገባ ይበረታል። ነሐሴ ላይ በዚያ አፈር ውስጥ ባዶ ዓይን ፈልጋችሁ አታገኙም። ያኔ የሚዘንበው በላዩ አልፎ ወንዝ ይገባል። እንዲያውም ኮረብታ ሥር፣ የጅረት መነሻ ላይ ያሉ ትንንሽ ረግረጎች የክረምቱን ጎርፍ ሊያባብሱት ይችላሉ። የጠገበ አፈር አያሰርግማ።

«ታዲያ ረግረግ ጎርፍ አይከላከልም ልትለን ነው?» አልወጣኝም። ወንዝ ዳር ሜዳ ላይ የተኛው ረግረግ በደንብ ይከላከላል። ግን በመምጠጥ ሳይሆን በስፋት ነው። የአዌቱ ወንዝ ከተማውን አቋርጦ ሲሞላ ዳሩን ጥሶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ቄጠማውና ፊላው ፍጥነቱን ይሰብሩታል። ውሃው ወደ ግልገል ግቤ ወንዝ የሚደርሰው ዘግይቶና ዝቅ ብሎ ነው። በእንጀራው ቋንቋ፣ ገበታውን ከመበላሸት ያዳነው እንጀራው ሳይሆን የትሪው ስፋት ነው። ለዚህ ነው ይህ ልዩነት የሚያንገበግበኝ። ረግረጉን ስፖንጅ ነው ብሎ ያመነ ሰው መሃሉ አረንጓዴ ሆኖ ካየው ይረካል። ዳር ዳሩ ግን በአፈርና በፍርስራሽ እየተሞላ ቤት ይሠራበታል። ትሪው ጠበበ ማለት ነው። ከዚያ አንድ ክረምት ውሃው ሰፈር ሲገባ ደግሞ «ረግረጉ ምን ፈየደልን፣ ይደረቅ» ይባላል።

«በጋ ላይ ይለቃል» የሚለውም ከፊሉ ብቻ ነው እውነቱ። ጥር ላይ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ጥቅጥቅ ያለ ቄጠማ ውሃውን ከሥሩ እየሳበ ወደ አየር ይለቀዋል፤ ወንዙ ያንን አያገኘውም። በበጋ ከረግረግ ሲወጣ የምናየው ጅረት ብዙውን ጊዜ የኮረብታው ውሃ ነው። በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር፣ ቡናው መሃል የሰረገው ዝናብ ከወራት በኋላ ሸለቆው ግርጌ ብቅ ይላል። ኮረብታው ከተራቆተ ረግረጉን በአጥር ብትከቡትም ምንጩ መድከሙ አይቀርም። (ይህ እንደ ድንጋዩና እንደ አፈሩ ይለያያል፤ አንዱ ሸለቆ ላይ የሠራ ሌላው ላይ ላይሠራ ይችላል።)

እሺ፣ ምንድን ነው ታዲያ? ረግረግ ማለት አፈሩ የዕፅዋት ሥር በሚደርስበት ጥልቀት ለረጅም ጊዜ በውሃ ተሞልቶ አየር ያጣ ቦታ ነው። ላዩ ላይ ውሃ መታየቱ ግዴታ አይደለም። ጥር ላይ ጫማችሁ ሳይረጥብ ልታቋርጡት ትችላላችሁ፤ ያው ረግረግ ነው። «ደርቋል እኮ፣ እንገንባበት» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ አካፋ አቀብሉት። ክንድ ያህል ሲቆፍር ግራጫ፣ አንዳንዴም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭቃ ያወጣል። አየር ሲጠፋ የአፈሩ ብረት ቀይ ቀለሙን ያጣል። ጭቃውን በእጅ ስትፈረክሱት ደግሞ ቀጫጭን የዝገት መስመሮች ታያላችሁ። መስመሮቹ የሥር መንገዶች ናቸው።

ዝገቱ ከየት መጣ? የበዓል ዋዜማ ከገበያ የገዛችሁትን ቄጠማ አንዱን ዘንግ ቁረጡት። ሦስት ጎን ያለው ግንድ ነው፤ ውስጡ ነጭ፣ ቀላል፣ በአየር ክፍተት የተሞላ። ተክሉ በዚያ በኩል አየር ወደ ሥሩ ይልካል። ከሥሩ ያመለጠው አየር በዙሪያው ያለውን ብረት ያዝገዋል። ቀለሙ አፈሩ ውስጥ ብዙ ዓመት ሊቆይ ስለሚችል፣ አንድ መሬት ረግረግ መሆን አለመሆኑን ስንመረምር ከላዩ ይልቅ ከሥሩ የምናየውን እናምናለን።

«ያጣራል» የሚባለውም ልክ አለው። ደለል ያስቀራል፤ ያላስቀረው ወርዶ ግልገል ግቤ ግድብ ውስጥ ይተኛል። አየር በሌለበት ጭቃ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ውሃው ይዞት የመጣውን ናይትሮጅን ወደ አየር ይመልሱታል። ፎስፈረሱን ግን አፈሩ የሚይዘው እስኪሞላ ብቻ ነው። የከተማ ፍሳሽ እየለቀቁ «ረግረጉ ያጸዳዋል» ማለት አያዋጣም። እነዚያው አየር የለሽ ጭቃዎች ምድርን የሚያሞቀውን ሜቴን የተባለ ጋዝ እንደሚለቁም ልጨምር፤ ጠያቂ ባይኖርም።

የጡብ ነገርስ? በጅማ ዙሪያ ካሉ ረግረጎች ሸክላ አፈር ወጥቶ ጡብ ይሆናል። ጉድጓዱ ውሃ ይሞላና «ይኸው፣ ውሃው ጨመረ» ይባላል። እውነት ነው፣ ሰኔ መባቻ ላይ ባዶ ከሆነ ትንሽ ጎርፍ ይቀበላል። ነሐሴ ላይ ግን እሱም ሞልቷል። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ቄጠማ ሥር አይሰድም፤ ስለዚህ ፍጥነት የሚሰብር ነገር የለም። ለዚያ አስተያየት ሰጪ የምመልሰው ይህን ነው፦ የቦዬን አረንጓዴነት ከመቁጠርህ በፊት አዌቱ ሲሞላ የሚተኛበት ሜዳ ስንት ሜትር እንደቀረው ለካው።