ከፍተኛ የአየር ግፊትና የጣና ዳርቻ በጋ

ከጥቅምት እስከ ጥር የባሕር ዳርን ሰማይ ጥርት አድርጎ የሚያቆየው በዐረቢያ ልሳነ ምድር ላይ የሚሰፍረው ከፍተኛ የአየር ግፊት ነው። ከሳይቤሪያ ከሚዘረጋው ቀዝቃዛ ግፊት ጋር ተያይዞ ደረቅ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይልካል። በግፊቱ ሥር ያለው አየር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲወርድ ታምቆ ይሞቃል፤ ደመና እንዳይጠነክርም ያደርጋል። በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኘው ውቢቷ ከተማ በታኅሣሥና በጥር ጠብታ ማየቷ ብርቅ ነው።

ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊት የሚለካው ባሮሜትር 820 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ) አካባቢ ያሳያል። በአየር ሁኔታ ካርታ ላይ የሚነበበው ከ1,013 (በባሕር ጠለል ካለው አማካይ ግፊት) የሚበልጥ ቁጥር ወደ ባሕር ጠለል ተሰልቶ የተገኘ ነው።

ሐይቁ ለዚህ በጋ የራሱን መልክ ይሰጠዋል። ሰማዩ ደመና ስለሌለው መሬቱ ሌሊት ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፤ የጥር ንጋት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ውኃ ግን ሙቀቱን ይዞ ስለሚያድር በጉና ተራራ የሚታወቀው ውርጭ ዳርቻውን እምብዛም አይደፍርም። ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ሞቃቱ ከላይ ሲከድነው ጭስ መውጫ ያጣል። ኅዳር ሲታጠን የሚነደው ቆሻሻ ጭስ ፀሐይ እስክትበረታ ከጣሪያ በላይ ተንጣሎ የሚቆየው ለዚህ ነው። ከቀትር በኋላ የብሱ ከውኃው ይልቅ ስለሚግል ነፋሱ ከሐይቅ ወደ ዳር ይነፍሳል፤ ሌሊት ደግሞ ይገለበጣል። የዘጌ ታንኳ ቀዛፊዎች ይህን ከማንም መሣሪያ በፊት ያውቁታል፤ ማዕበሉ ሳይነሣ በጠዋት ይሻገራሉ።

ለገበሬው በጋው የአውድማ ጊዜ ነው። ግፊቱ ሲዳከምና ከሜዲትራኒያን በኩል የሚመጣ ዝቅተኛ ግፊት ወደ ደቡብ ሲዘልቅ ግን ያለ ወቅቱ የሚጥለው ዝናብ በክምር ያለውን ጤፍ ያበላሻል። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ይጨምራል።

ክረምቱም ቢሆን ያለ ከፍተኛ ግፊት አይመጣም። በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ የማስካሪን፣ በደቡብ አትላንቲክ ደግሞ የቅድስት ሄሌና ግፊቶች እርጥበቱን ወደ ሰሜን ይገፉታል።

ሐይቁ ከመስከረም ማብቂያ በኋላ እስከ ሰኔ እየቀነሰ ይሄዳል። አንዳንዶች በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የጣና በለስ ማመንጫ ተጠያቂ ያደርጋሉ፤ ድርሻው ምን ያህል እንደሆነ ያከራክራል። ፀሐይና ነፋስ በዓመት ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ውኃ እንደሚያተኑ ግን የታወቀ ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የተሰበሰበበት መሬት በቀረው እርጥበት ብቻ ጓያና ሽምብራ ያበቅላል።