«የመጀመሪያ እትም» ፖክሞን ካርድ ምንድን ነው? (1999 ስላለ አይደለም)

አንዱ የቻሪዛርድን፣ ማለትም የታወቀውን የፖክሞን ፍጡር፣ ካርድ ፎቶ ይለጥፍና ሥሩ «የ1999 የመጀመሪያ እትም» ብሎ ዋጋ ይቆልልበታል። ማህተሙ የታለ ሲሉት መልሱ ያው ነው፦ «ታች 1999 ይላል'ኮ፣ አታነብም?» እናነባለን። ያቺ መስመር ግን ስለ እትም አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ከካርዱ ግርጌ ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ የባለመብትነት መስመር ናት፤ የኒንቴንዶንና የአጋሮቹን፣ ቀጥሎም ካርዱን በእንግሊዝኛ ያሳተመውን የዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስትን መብት ታስታውቃለች። ድርጅቱ ቤዝ የተባለውን ባለ 102 ካርድ ስብስብ በጥር 1999 እ.ኤ.አ. አወጣና ደጋግሞ አተመው። በገፍ የታተመው ተራው ካርድም 1999 ይላል።

የቀበሌ ደብዳቤን አስቡት። ራስጌው፣ ቀኑ፣ ፊርማው ሁሉ ተሟልቶ ክብ ማህተም ከሌለው የትም መስኮት አይቀበለውም። ቀኑን በጣት እያሳዩ ቢከራከሩ ደግሞ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ይቆጣል እንጂ የሚለወጥ ነገር የለም። የመጀመሪያ እትም መሆኑን የሚያሳየው የካርዱ ማህተምም ክብ ነው፦ ጥቁር፣ ውስጡ 1 ቁጥር፣ ከላዩ «ኢዲሽን» የሚል ቃል። የፖክሞን ፍጡራን ባሉባቸው ካርዶች ላይ ከሥዕሉ ሳጥን ግርጌ በስተግራ ይገኛል። ትሬነር በሚባሉት የጨዋታ አጋዥ ካርዶች ላይ ወደ ካርዱ ታችኛ ግራ ጥግ ይወርዳል።

«ታዲያ የኔው ጥላ የለውም» የሚል ይመጣል። ጥላ አልባ ካርድ ሌላ ነገር ነው። ከማህተሙ ካርድ ቀጥሎ የታተመ፣ ከሥዕሉ ሳጥን በስተቀኝ ያለው ጥቁር ጥላ ገና ያልተጨመረበት ነው። በመብት መስመሩም ይለያል፦ ማህተም ባለውና በጥላ አልባው ካርድ ላይ የኒንቴንዶ ዓመታት 95፣ 96፣ 98፣ 99 ሲሆኑ፣ ጥላ ባለው ተራ ካርድ ላይ 99 ከዚያ ዝርዝር ወጥታ የዊዛርድስ 1999 ብቻ ትቀራለች። ለብሪታንያ የታተመው የመጨረሻው ዙር 1999-2000 ይላል። ጥላ አልባው ከተራው ይወደዳል፤ የመጀመሪያ እትም ግን አይደለም። ይህ የጥላ ፈተና የሚሠራው ለቤዝ ብቻ ነው፤ ጀንግል ወይም ፎሲል በተባሉት ቀጣይ ስብስቦች ላይ ጥላ አይቶ «ሐሰተኛ» የሚል ሰው ደህናውን ካርድ ይጥላል።

ወደ ቀበሌው እንመለስ፤ ለመጣው ሁሉ ማህተም የሚመታ ጸሐፊም አለና። የማቻምፕ ካርድ፣ ቁጥሩ 8/102፣ በሁለት ሰው የጀማሪ ሳጥን ውስጥ ይመጣ የነበረው፣ ጥላ ያለውም ሳይቀር ማህተም አለው። ስለዚህ ማቻምፕ ይዞ ሀብታም ሆንኩ ያለ ሰው ይረጋጋ። ቀይ ጉንጭ ያለው የፒካቹ ካርድም በማህተምም ያለማህተምም አለ፤ ጉንጩ የእትም ማስረጃ አይሆንም።

ማህተም ራሱ ይጭበረበራል። አጭበርባሪው የሚመርጠው ጥላ አልባውን ነው፤ የጎደለው ማህተሙ ብቻ ስለሆነ። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ሲታይ እውነተኛው ማህተም ወጥ ጥቁር ቀለም ነው። ከባለቀለም ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ በኋላ የተጨመረ ነው። መቅጠኑ ወይም ወደ ግራጫ ማድላቱ ብቻውን ግን ሐሰት አያሰኘውም፤ እንዲህ ሆነው ከማተሚያ ቤቱ የወጡ እውነተኛ ካርዶች አሉ።

ይህ ሁሉ ለእንግሊዝኛው ነው። በ1996 በወጣው የጃፓን ቤዝ ነገሩ ይገለበጣል፦ የመጀመሪያው ዙር የሚታወቀው በቀኝ ግርጌ የብርቅነት ምልክቱ፣ ማለትም ክቡ፣ አልማዙ ወይም ኮከቡ፣ ባለመኖሩ ነው።

ከሻጩ የሚጠየቀው ሁለት ፎቶ ነው፦ የሥዕሉ ሳጥን ግራ ግርጌ በቅርበት፣ እና ያቺ ደቃቅ መስመር ሙሉዋን። «ካሜራዬ አያነሳውም» ካለ ዋጋውን የተራ ካርድ አድርገው ይደራደሩ።