ጡት ለምታጠባ እናት ገንዘብ መክፈል፦ ከእንግሊዝ ቫውቸር እስከ ሴፍቲኔት

ጡት ወተት በነፃ የሚገኝ ነገር ይመስላል ግን እናትየው በጊዜዋና በእንቅልፏ ነው የምትከፍለው፣ ሥራ ያላት ደግሞ በደሞዟ ጭምር። ለዚህ ነው አንዳንድ አገሮች ምክር ብቻ አይበቃም ብለው ገንዘብና ሕግ የጨመሩበት።

በሰፊው የተጠናው የእንግሊዙ ኖሽ የሚባለው ፕሮጀክት ነው። የሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሕፃኑ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው የሚያጠቡት እናቶች ከ40% በታች የሆኑባቸውን 92 አካባቢዎች መርጠው በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፣ በአንዱ ወገን ያሉ እናቶች ልጁ የጡት ወተት እያገኘ ከሆነ በ2 ቀን፣ በ10 ቀን፣ በ6-8 ሳምንት፣ በ3 ወርና በ6 ወር የ40 ፓውንድ የገበያ ቫውቸር ያገኙ ነበር፣ ሲደመር 200 ፓውንድ። ቫውቸሩን ለማግኘት የሚሞላውን ፎርም እናትየው ትፈርም ነበር፣ አዋላጇ ወይ የጤና ባለሙያዋም አብራ ትፈርም ነበር፣ ታልቦ በጡጦ የተሰጠም ይቆጠር ነበር። ነገሩ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሰማ "ይሄማ ጉቦ ነው" ያለው ብዙ ነበር፣ እኔ ግን ድሃ እናት ለለፋችበት ነገር ዕውቅና መስጠት ጉቦ ነው ብዬ አላምንም። ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ከ10,000 በላይ እናትና ልጅ ተካተው በ6-8 ሳምንት የሚያጠቡት ቫውቸር ባለበት 37.9%፣ በሌለበት 31.7% ሆኑ። ጡት ብቻ የሚያጠቡት ላይ ግን ልዩነቱ አስተማማኝ አልነበረም።

አሜሪካ ያሉ ሀበሻ እናቶች ዊክን (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ እናቶችና ሕፃናት ምግብ የሚሰጠውን የመንግሥት ፕሮግራም) በደንብ ያውቁታል። የማታጠባ እናት ለራሷ ምግብ የሚሰጣት እስከ 6 ወር ነው፣ የምታጠባዋ እስከ አንድ ዓመት፣ ሙሉ በሙሉ የምታጠባ ደግሞ ትልቁን ፓኬጅ ታገኛለች። ችግሩ ያው ዊክ ፎርሙላም (የሕፃናት የዱቄት ወተት) በነፃ ማደሉ ነው፣ ሁለት አቅጣጫ የሚጎትት ፖሊሲ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ትልቁ ማበረታቻ የወሊድ ፈቃድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከነደሞዝ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ከወሊድ በኋላ ይሰጣል፣ ጡት ብቻ ይጥባ የሚባልበት 6 ወር ግን በዚህ አይሞላም። ጉልት ላይ ቁጭ ብላ ቲማቲም ለምትሸጠዋ ደግሞ ቀጣሪ ስለሌላት ይሄም አይደርሳትም። ገጠር ላይ የተሻለ ሐሳብ ያለው ሴፍቲኔት ነው፣ ማለትም ድሃ ቤተሰቦች እንደ አፈርና ውሃ ጥበቃ ያለ የማኅበረሰብ ሥራ እየሠሩ ክፍያ የሚያገኙበት ፕሮግራም፣ እርጉዝ ወይም አራስ የሆነች ተጠቃሚ ለጊዜው ከሥራው ነፃ ትሆናለች፣ ክፍያዋ አይቋረጥም፣ በምትኩ የጤና ክትትልና ትምህርት እንድትከታተል ይጠበቃል።