የዕርዳታ እህል ወጪ ቁጥጥር በደሴና በኮምቦልቻ

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ የሚመጣው የዕርዳታ እህል ወደ ወሎ የሚገባው በኮምቦልቻ በኩል ነው። ከአገሪቱ የመጠባበቂያ ምግብ ክምችት መጋዘኖች አንዱ ማዕከልም እዚያው ይገኛል። የወረዳዎቹ የተረጂ ቁጥር የሚሰባሰበው ግን በደቡብ ወሎ ዞን ዋና ከተማ በደሴ ነው። የቁጥጥሩ ዋና ሥራ ታዲያ የመጋዘኑን መዝገብ ከተረጂዎቹ ስም ዝርዝር ጋር ማገናኘት ነው፤ አንዱን ብቻ ያየ ተቆጣጣሪ ጉድለቱን አያገኘውም።

መጋዘን ላይ እህሉ ሞዴል 19 በተባለው ቅጽ ገቢ፣ ሞዴል 22 በተባለው ወጪ ይሆናል፤ የየክምሩ ቀሪ መጠን ቢን ካርድ በሚባል የመጋዘን መመዝገቢያ ካርድ ላይ ይመዘገባል። ስሕተቱ የሚጀምረው ጆንያ ተቆጥሮ ሳይመዘን ሲፈረም ነው። ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ 800 ጆንያ ቢያራግፍና ከየጆንያው 1 ኪሎ ቢጎድል፣ ጠፍቶ የሚቀረው 8 ኩንታል ነው፤ ይህ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ሲታሰብ የ53 ሰው ቀለብ ነው። ስለዚህ ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ ጆንያ እየተመረጠ በሚዛን ይታያል። ጉድለቱ ሾፌሩ ባለበት በማጓጓዣ ሰነዱ ላይ ይጻፋል፤ ሳይጻፍ ከቀረ ከአጓጓዡ ማስመለስ አስቸጋሪ ነው።

ትልቁ ቀዳዳ ግን ቀበሌ ላይ ነው። የተለመደው የወር ድርሻ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። 1,000 ተረጂ ባለበት ቀበሌ 1,100 ስም ቢላክ በየወሩ 15 ኩንታል እህል ይተርፋል፤ ሞዴሎቹ ሁሉ ይጣጣማሉ፣ ፊርማውም የተሟላ ነው። ይህን የሚይዘው ሰነድ ሳይሆን ሕዝብ ነው። ዝርዝሩ ከዕደላው በፊት በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ቅሬታ የሚሰማው ኮሚቴ ተረጂዎችን ከመረጠው ኮሚቴ የተለየ ይሁን፤ ከዕደላው በኋላ ቤት ለቤት እየተዞረ ስንት ኪሎ እንደደረሰ ይጠየቅ። ዕደላው በጣሳ ከሆነ ጣሳው ራሱ ይመዘን። ዘመድ ቤት የተጠጋ ተፈናቃይ መጠለያ ውስጥ ስላልተገኘ ከዝርዝር መውጣቱም እንደ ስርቆቱ ሁሉ ጉድለት ነው።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል እየተመዘበረ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ ዕርዳታ አቋረጡ። ዕርዳታው በ2016 ዓ.ም. ሲቀጥል የተረጂ ምዝገባና ማጣራት እንዲጠብቅ ተደረገ። በእነዚያ ወራት የተራበው ግን ያልሰረቀው ሰው ነው፤ ቁጥጥር ቀድሞ መደረግ ያለበትም ለዚህ ነው።

የገንዘብ ወጪው ሌላ ችግር አለበት። አስቸኳይ ሁኔታ ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛትን ይፈቅዳል፤ ዋጋ ሳያጣሩ መግዛትን ግን አይፈቅድም። የዚያ ሳምንት የደሴና የኮምቦልቻ ገበያ ዋጋ ከግዥ ሰነዱ ጋር ካልተያያዘ በኋላ ማንም ሊፈትሸው አይችልም። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ መኸሩ እስኪደርስ ያለው የችግር ጊዜ ደግሞ ያኔ ይከፋል። ሒሳቡ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ በዚህ መሃል ተረስቶ ይቀራል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የኮምቦልቻ የዕርዳታ መጋዘኖች ተዘርፈዋል። መዝገብ ከእህሉ ጋር ከጠፋ ቀድሞ የጎደለውና የተዘረፈው አይለይም። ስለዚህ የየሳምንቱ ቀሪ ሒሳብ ቅጂ ከከተማው ውጭ ይቀመጥ፤ ከዘረፋ በኋላም አዲስ ጭነት ከመግባቱ በፊት የተረፈው በኮሚቴ ተቆጥሮ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት።