ናይትሮጅን፦ በአየር የተትረፈረፈ፣ በአፈር ያጠረ ንጥረ ነገር

ናይትሮጅን ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የሌለው ጋዝ ነው። የአቶም ቁጥሩ 7 ሲሆን በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ላይ በካርቦንና በኦክስጅን መካከል ይገኛል። ከደረቅ አየር 78 ከመቶ የሚሆነው እሱ ነው፤ ኦክስጅን ምንም ያህል ቢወደስ ድርሻው ከ21 ከመቶ አይበልጥም። ይሁን እንጂ በትንፋሽ ወደ ሳንባችን የገባው ናይትሮጅን ምንም ሳንጠቀምበት እንደገባ ይወጣል። ፕሮቲንም ሆነ ዲኤንኤ ያለ እሱ አይገነቡም፤ ከአየር በቀጥታ መውሰድ ግን ሰውም፣ እንስሳም፣ ዕፅዋትም አይችሉም። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ለዚህ ንጥረ ነገር የተተረተ ይመስላል።

ምክንያቱ በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ጥንድ ጥንድ አቶም ሆኖ መኖሩ ነው። ሁለቱ አቶሞች በሦስትዮሽ ትስስር የተያያዙ ሲሆን ይህን ለመበጠስ ለአንድ ሞል (28 ግራም ያህል ናይትሮጅን) 945 ኪሎጁል ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ከዚህ የጠነከረ ትስስር ያላቸው ሞለኪውሎች ጥቂት ናቸው። የናይትሮጅን ታሪክ በአብዛኛው ይህን ትስስር የመበጠስ ታሪክ ነው።

ንጥረ ነገሩን በመለየት ስሙ የሚነሣው ስኮትላንዳዊው ዳንኤል ራዘርፎርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ካለ አየር በሚተነፍስ አይጥና በሚነድ ነገር ኦክስጅኑን አስወገደ፤ የተፈጠረውንም ካርቦን ዳይኦክሳይድ አጣርቶ አወጣ። የቀረው ጋዝ እሳት የሚያጠፋ፣ እንስሳ የሚገድል ሆኖ ተገኘ። በስዊድን ኬሚስቱ ሼሌ፣ በእንግሊዝም ሳይንቲስቱ ካቨንዲሽ በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሰው ነበር፤ ቀዳሚነቱ ለራዘርፎርድ የተሰጠው ቀድሞ ስላሳተመ ነው። ያ የቀረው ጋዝ ንጹሕ ናይትሮጅን አለመሆኑ የታወቀው ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ሳይንቲስቶቹ ሬይሊና ራምዜ በውስጡ የተደበቀውን አርጎን የተባለ ሌላ ጋዝ ሲያገኙ ነው።

በተፈጥሮ ትስስሩን ከሚበጥሱት አንዱ መብረቅ ነው፤ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ግን ባክቴሪያዎች ናቸው። ሪዞቢየም የሚባሉት በባቄላ፣ በሽምብራ፣ በአተር፣ በምስርና በግብጦ ሥር ላይ ትንንሽ እባጮች ፈጥረው ይኖራሉ። ተክሉ ስኳር ይሰጣቸዋል፤ እነሱም የአየሩን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ (የናይትሮጅንና የሃይድሮጅን ውህድ) ለውጠው ይመልሱለታል። ጀርመናዊው ሔርማን ሔልሪገል ይህን በሙከራ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ግን ጤፍ ወይም ስንዴ የተዘራበትን ማሳ በተከታዩ ዓመት በባቄላ ወይም በሽምብራ ማፈራረቅን ከማንም ላቦራቶሪ አልተማረም። እባጮቹ እየሠሩ መሆናቸውን ማወቅ ለሚፈልግ መንገዱ ቀላል ነው፦ አንዱን ሰንጥቆ ማየት። ውስጡ ቀላ ያለ ሮዝ ከሆነ በሥራ ላይ ነው።

የሰው ልጅ በበኩሉ ትስስሩን በጉልበት ሰበረው። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ ካርል ቦሽም ነገሩን ወደ ፋብሪካ አሳደገው፤ በጀርመን ኦፓው የተገነባው ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1913 ማምረት ጀመረ። ሂደቱ ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት፣ ከፍተኛ ግፊትና የብረት ካታሊስት (ሂደቱን የሚያፋጥን ነገር) ይጠይቃል። ሃይድሮጅኑ ዛሬም በብዛት የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ የጋዝ ዋጋ ሲንር የማዳበሪያ ዋጋ አብሮ የሚንረው ለዚህ ነው። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው በዚህ ዘዴ በተሠራ ማዳበሪያ እንደሆነ ይገመታል። ያው አሞኒያ የፈንጂም ጥሬ ዕቃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ቤይሩትን ያወደመውም ወደብ ላይ የተከማቸ፣ ከአሞኒያ የሚሠራ አሞኒየም ናይትሬት ነበር።

በአገራችን ገበሬ ዘንድ ናይትሮጅን የሚታወቀው በዩሪያ ነው። ከዩሪያ ክብደት 46 ከመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ነገር ግን የተገዛው ሁሉ ወደ ሰብሉ አይደርስም። በአፈር ሳይሸፈን ከላይ የተበተነ ዩሪያ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ይተናል። ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በክረምት ውኃ ሲተኛበት በአፈሩ ውስጥ ኦክስጅን ያልቃል፤ ይህን ጊዜ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን (ማዳበሪያው በአፈር ውስጥ የሚለወጥበትን የናይትሮጅንና የኦክስጅን ውህድ) በኦክስጅን ፋንታ ተጠቅመው ናይትሮጅኑን ወደ አየር ይመልሱታል። በብዙ ገንዘብ ከባሕር ማዶ የመጣ ማዳበሪያ ወደ ሰማይ ሄደ ማለት ነው፤ ከፊሉም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዙ እጥፍ ምድርን የሚያሞቅ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ መደብ ሠርቶ ውኃውን ማንጣፈፍ የማዳበሪያም ጉዳይ ነው፤ ዩሪያን በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ከፋፍሎ መስጠትም እንዲሁ።

ናይትሮጅን ከዜሮ በታች እስከ 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሆናል። ለከብት ማዳቀያ የሚውለው የኮርማ ዘር ለዓመታት ሳይበላሽ የሚቆየው በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ አዳቃይ ባለሙያዎችም በልዩ ዕቃ ይዘውት ገጠር ለገጠር ይዞራሉ። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሲተን 700 ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል። ሰውነታችን መታፈንን የሚያውቀው በካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት እንጂ በኦክስጅን ማነስ ስላልሆነ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ናይትሮጅን ቢሞላ ሰው ማስጠንቀቂያ ሳያገኝ ራሱን ይስታል። ዕቃው የሚቀመጥበት ክፍል መስኮቱ ክፍት መሆን አለበት፤ በተሽከርካሪም ሲጓጓዝ ከተሳፋሪ ጋር በተዘጋ ጋቢና አይጫንም።